የድሩፓል 7 ሞጁሎችን ወደ ባክድሮፕ ማሸጋገር፦ በበጎ ፈቃድ ለመጀመር ከየት ልነሣ?

ወጣኒ፦

ጤና ይስጥልኝ። ለአንድ የመረዳጃ ማኅበርና ለአንድ የግል ትምህርት ቤት ድሩፓል 7 በተባለው የድረ ገጽ መገንቢያ ሶፍትዌር የተሠሩ ሁለት ድረ ገጾችን እንከባከባለሁ። የድሩፓል 7 ይፋዊ ድጋፍ ብዙ ጊዜ ሲራዘም ቆይቶ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 5 ቀን 2025 ስላበቃ ሁለቱንም ከድሩፓል ተለይቶ ወደ ወጣው ሶፍትዌር፣ ወደ ባክድሮፕ፣ ለማዛወር ወስኛለሁ። ወደ ድሩፓል 11 መሄድ ድረ ገጾቹን እንደ አዲስ መገንባት ስለሚሆን ባለቤቶቹ ለዚያ የሚበቃ በጀት የላቸውም። ዝውውሩን በራሴ ኮምፒውተር ላይ ስሞክረው ከምጠቀምባቸው ሞጁሎች (በሶፍትዌሩ ላይ ተጨማሪ አገልግሎት ከሚሰጡ የኮድ ጥቅሎች) አብዛኞቹ በሌሎች ሰዎች ተሸጋግረው አገኘኋቸው፤ ጥቂት ትናንሽ ሞጁሎች ግን ማንም ሳይነካቸው ቀርተዋል።

እነዚህን ለራሴ ብቻ አስተካክዬ ከመተው ይልቅ ሌላውም እንዲጠቀምባቸው በደንቡ መሠረት አሸጋግሬ ለማውጣት አስቤያለሁ። ፒኤችፒ በሚገባ አውቃለሁ፤ የኮድ ለውጥ መመዝገቢያውን ጊትንም ለዕለት ሥራዬ እጠቀምበታለሁ፤ በኦፕን ሶርስ ፕሮጀክት ውስጥ ግን ተሳትፌ አላውቅም። የምጠይቀው ይህን ነው፦ ሥራውን ከየት መጀመር ይሻላል? የሞጁሉን የመጀመሪያ ጸሐፊ ማስፈቀድ ይኖርብኛል ወይ? ኮዱን በራሱ ይቀይራል የሚባለው መሣሪያ ምን ያህል ይታመናል? አንዴ ካወጣሁት በኋላስ ዕድሜ ልኬን ተጠያቂ እሆናለሁ ማለት ነው? ልምድ ያላችሁ ብትመክሩኝ ከልብ አመሰግናለሁ።

ዋርካ፦

ወጣኒ፣ ሐሳብዎ ጥሩ ነው፤ ጥያቄዎቹንም በተገቢው ቅደም ተከተል ነው ያነሧቸው። ከእርስዎ ዝርዝር ውስጥ ያልተጠቀሰ አንድ ነገር ግን ከሁሉም ይቀድማል፤ እርሱም ሥራው ቀድሞ ተሠርቶ እንደሆነ ማጣራት ነው። በድሩፓል 7 ዘመን ለየብቻቸው ይጫኑ የነበሩ ብዙ ሞጁሎች፣ ለምሳሌ ቪውስ፣ ቶክን፣ ፓዝኦቶ፣ ዴት፣ ሊንክና ኢሜይል፣ በባክድሮፕ ዋና ሶፍትዌር ውስጥ ገብተዋል። አንዳንዶቹ ስማቸው ተቀይሮ ወይም ከሌላ ሞጁል ጋር ተዋሕደው ስለሆነ በቀድሞ ስማቸው ቢፈልጓቸው ላያገኟቸው ይችላሉ። በመቀጠል ኮድ በጋራ በሚቀመጥበት ድረ ገጽ በጊትሃብ ላይ «ባክድሮፕ ኮንትሪብ» በሚባለው ቡድን ሥር ይፈልጉ፤ የኢሹዎቹንም (የጥያቄና የችግር ማሳወቂያዎቹን) ዝርዝር ያንብቡ፤ እንዲሸጋገሩ የተጠየቁ ሞጁሎችና ሰው በግል አካውንቱ ጀምሮ ያልጨረሳቸው ሥራዎች የሚታወቁት እዚያ ነው። የተጀመረ ነገር ካገኙ እንደ አዲስ ከመነሣት ይልቅ ለጀመረው ሰው ጽፈው ሥራውን ይቀጥሉ።

ስለ ፈቃዱ የጠየቁት፣ በሕግ ረገድ የማንም ፈቃድ አያስፈልግዎትም። በድሩፓል ድረ ገጽ ላይ የሚወጣ ሞጁል ሁሉ ጂፒኤል በተባለው የነጻ ሶፍትዌር ላይሰንስ ሁለተኛው እትም ወይም ከዚያ በኋላ በወጡት ሥር ስለሆነ መቅዳትም፣ መለወጥም፣ ማሰራጨትም የተፈቀደ ነው፤ ያሸጋገሩት ሥራም በዚሁ ላይሰንስ መቆየት አለበት። በወግ ረገድ ግን ነገሩ ሌላ ነው። በሞጁሉ የድሩፓል ገጽ ላይ አንድ ኢሹ ከፍተው ወደ ባክድሮፕ እያሸጋገሩት መሆኑን ይግለጹ፤ የቀድሞው ኃላፊ በዚህኛውም ወገን አብሮዎት እንዲሠራ ይጋብዙት። ብዙዎቹ ደስ ብሏቸው «ይቅናህ» ብለው ይመልሳሉ፤ የማይመልሱም አሉ፤ ዝምታቸው ሥራዎን ሊያግደው አይገባም። ከዚሁ ጋር የተያያዘና ጀማሪዎች የሚዘነጉት ነገር አለ፦ የተጨመቀውን ፋይል አውርደው በአዲስ ማኅደር ውስጥ አይዘርግፉት። የድሩፓሉን የጊት ማኅደር ከነሙሉ ታሪኩ ክሎን አድርገው (ገልብጠው) የራስዎን ለውጥ በዚያ ላይ ይቀጥሉ። እንዲህ ካደረጉ የቀደሙት ሰዎች ስም ከየኮሚታቸው (ከመዘገቡት ለውጥ) ጋር ይቆያል፤ ከዓመታት በኋላም አንድ መስመር ለምን እንደተጻፈ የሚፈልግ ሰው ምክንያቱን ያገኛል።

የትኛውን ሞጁል ልምረጥ ካሉ፣ ራስዎ በየዕለቱ የሚጠቀሙበትንና ከሁሉም ትንሹን ይምረጡ። ብዙ ተጠቃሚ አለው ብለው የማያውቁትን ትልቅ ሞጁል ቢይዙ ትክክል መሥራቱን የሚያረጋግጡበት ጣቢያ አይኖርዎትም። ሌሎች አምስት ሞጁሎች የሚደገፉበትንም ለጊዜው ይለፉት።

ስለ ኮዱ ሥራ እንነጋገር። ባክድሮፕ እ.ኤ.አ. በ2013 ከድሩፓል ተለይቶ የመጀመሪያ እትሙን በጃንዋሪ 2015 ሲያወጣ የድሩፓል 7ን አሠራር ይዞ ለመቀጠል ታስቦ ስለነበር ሁኮቹ (ሞጁሎች ከዋናው ሶፍትዌር ጋር የሚገናኙባቸው ፈንክሽኖች) አብዛኞቹ እንዳሉ ናቸው፤ የዳታቤዝ ጥሪዎቹም እንዲሁ። ሞጁሉን በሚያስተዋውቀው በኢንፎ ፋይሉ ውስጥ የድሩፓልን እትም የሚገልጸው መስመር ወጥቶ ባክድሮፕ 1 መሆኑን የሚገልጽ መስመር ይገባል፤ ዓይነቱ ሞጁል መሆኑም ይጻፋል። ክላስ የያዙ ፋይሎች በኢንፎ ፋይሉ ውስጥ መዘርዘራቸው ቀርቶ በ«ሁክ_ኦቶሎድ_ኢንፎ» ይገለጻሉ። «ድሩፓል» ብለው የሚጀምሩት ፈንክሽኖች «ባክድሮፕ» ብለው ይጀምራሉ። ዋናው ለውጥ ቅንብሮች የሚቀመጡበት ቦታ ነው፤ በድሩፓል 7 በዳታቤዙ የቫሪያብል ሠንጠረዥ ውስጥ ይቀመጡ የነበሩት በባክድሮፕ ወደ ጄሶን ፋይሎች ስለሄዱ «ቫሪያብል_ጌት» የሚለው ጥሪ ሁሉ በ«ኮንፊግ_ጌት» ይተካል።

«ኮደር አፕግሬድ» የተባለው ሞጁል ከዚህ ውስጥ ብዙውን በራሱ ይሠራል። ከእጅ አይሻል ዶማ የሚባል ዓይነት አይደለም፤ አሰልቺውን የስም መተካት ሥራ በደቂቃዎች ይጨርስልዎታል። ነገር ግን ውጤቱን መስመር በመስመር ሳያነቡ ኮሚት አያድርጉ። ለምሳሌ የተጠቃሚ ሚናዎች በድሩፓል 7 በቁጥር ይታወቁ ነበር፤ በባክድሮፕ ግን በስም ነው የሚታወቁት፤ ስለዚህ «የሚና ቁጥሩ 3 ከሆነ» ብሎ የሚጠይቅ ኮድ ስሕተት ሳያሳይ በጸጥታ የተሳሳተ መልስ ይሰጣል። የፈቃድ ጉዳይ ከሆነ ደግሞ ውጤቱ ከማስቀየም ያልፋል። የቋንቋ መለያውም እንዲሁ ነው፤ በኖዱ (በአንዱ የይዘት ገጽ) ላይ «ላንጉዌጅ» የነበረው «ላንግኮድ» ሆኗል። አሮጌ ሞጁል ላይ የፒኤችፒ ችግርም ይጨመርበታል፦ «ኢች» እና «ክሪኤት_ፈንክሽን» እ.ኤ.አ. በ2020 ከወጣው ፒኤችፒ 8 ተወግደዋል፤ በ8.1 ለጽሑፍ ፈንክሽኖች ባዶ ዋጋ ማስተላለፍ፣ በ8.2 ደግሞ ያልታወጀ ፕሮፐርቲ መጠቀም ማስጠንቀቂያ ያመጣሉ። አሥር ዓመት ያለፈው ኮድ ከነዚህ ቢያንስ አንዱን አያጣም።

ሥራው ሲያልቅ ሞጁሉን በግል የጊትሃብ አካውንትዎ ላይ ያስቀምጡና የኮንትሪብ ቡድኑን ለመቀላቀል የሚጠይቅ ኢሹ ይክፈቱ። አንድ አባል ኮዱን አይቶ አስተያየት ይሰጣል፤ ላይሰንሱና የማብራሪያ ፋይሉ መኖራቸውን ያረጋግጣል፤ ከዚያ ማኅደሩን ወደ ቡድኑ ያዛውራሉ። የዕድሜ ልክ ግዴታ ያሉት የሚያስፈራ አይደለም። ሥራው ሲከብድዎት አጋር መፈለግዎን በማብራሪያ ፋይሉ ላይ ይጽፋሉ፤ ሌላ ሰውም ይረከብዎታል። እስከዚያው ድረስ ግን የደኅንነት ቀዳዳ ሪፖርት ሲመጣ መልስ መስጠት ይኖርብዎታል። እርስዎ ራስዎ እንዲህ ያለ ቀዳዳ ካገኙ በይፋ ኢሹ ላይ አይጻፉት፤ ለደኅንነት ቡድኑ በግል ይላኩት።

ባሮ፦

ከዋርካ ምክር ጋር በአብዛኛው እስማማለሁ፤ ለሁለቱ ድረ ገጾችም ባክድሮፕ ተገቢ ምርጫ ይመስለኛል። ነገር ግን ወጣኒ በዚህ የበጎ ፈቃድ ሥራ የሥራ ልምድም ለማግኘት አስበው ከሆነ የድሩፓልን የአሁኑን መንገድ ሳያዩት እንዳያልፉ እመክራለሁ። በሙያው የምተዳደረው እኔ በምኖርበት በአውሮፓ ነው፤ እዚህ የሚወጡት ማስታወቂያዎች የሚጠይቁት የድሩፓል 10ንና የ11ን ዕውቀት ነው።

ከድሩፓል 7 ወደ 8 መሸጋገር ከባድ የሆነበት ምክንያት ይታወቃል። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2015 የወጣው ድሩፓል 8 ሲምፎኒ በተባለው የፒኤችፒ ማዕቀፍ ላይ ስለተመሠረተ የሜኑ ሁክ ቀርቶ መንገዶች በያምል ፋይል መጻፍ ጀመሩ፤ ፎርሞች ክላስ ሆኑ፤ የገጽ ቴምፕሌቶችም ትዊግ ወደተባለው አጻጻፍ ተዛወሩ። ስለዚህ የድሩፓል 7 ሞጁልን ወደ 11 አሸጋገርኩ የሚል ሰው በእውነቱ እንደገና ጽፎታል ማለት ይቻላል፤ ለጀማሪም አልመክረውም። ከድሩፓል 9 ወዲህ ግን ነገሩ ተለውጧል። አዲስ ዋና እትም ሲወጣ የሚደረገው በፊተኛው እትም «ያረጀ» ተብለው የተለዩትን ጥሪዎች ማስወገድ ስለሆነ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2022 ከወጣው ድሩፓል 10 በኦገስት 2024 ወደ ወጣው 11 ሞጁልን ማሸጋገር ብዙ ጊዜ የጥቂት መስመሮች ጉዳይ ነው። «አፕግሬድ ስታተስ» የተባለው ሞጁል የትኛው ጥሪ እንዳረጀ ይነግርዎታል፤ «ሬክተር» የተባለው መሣሪያ ብዙውን ይተካል፤ የድሩፓል ድረ ገጽ ቦትም በየሞጁሉ ኢሹ ላይ ማስተካከያ በራሱ ይለጥፋል።

እዚህ ላይ የጎደለው ኮድ የሚጽፍ ሰው አይደለም፤ የተጻፈውን የሚፈትሽ ሰው ነው። በቦቱ የቀረቡ ማስተካከያዎች ማንም ሳይሞክራቸው ለብዙ ወራት «ግምገማ ይፈልጋል» እንደተባሉ ይቆያሉ። አንዱን በራስዎ ጣቢያ ላይ ጭነው፣ ምን እንደሞከሩና ምን እንዳዩ በሁለት አንቀጽ ጽፈው፣ የሚሠራ ሆኖ ካገኙት «በማኅበረሰቡ ተገምግሞ ተፈትኗል» ወደሚለው ደረጃ ቢያሻግሩት ትልቅ አስተዋጽኦ ነው። «ሞክሬዋለሁ፣ ይሠራል» ብሎ ብቻ መጻፍ ግን እንደ ግምገማ አይቆጠርም። ድሩፓል ለተሳታፊዎች በስማቸው ዕውቅና ስለሚመዘግብ ነጥብ ለመሰብሰብ ብቻ እንዲህ የሚጽፉ ሰዎች በዝተው የሞጁል ኃላፊዎችን አሰልችተዋል፤ አዲስ ሰው ሲመጣ በጥርጣሬ የሚታይበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው።

የተተወ ሞጁል ካገኙ ለመረከብም ሥርዓት አለው። በሞጁሉ ኢሹ ላይ አብሮ ለመሥራት ጥያቄ ያቀርባሉ፤ ሁለት ሳምንት ሙሉ መልስ ካላገኙ ጥያቄውን የፕሮጀክት ባለቤትነት ጉዳይ ወደሚታይበት ዝርዝር ያዛውሩታል፤ አስተዳዳሪዎችም ይወስናሉ። ከዚያ በፊት በዚያው ሞጁል ላይ ጥቂት ጥሩ ማስተካከያዎችን አቅርበው ከነበረ ጥያቄዎ የበለጠ ተሰሚነት ይኖረዋል።

አዋሽ፦

ሁለቱም መልሶች ያላነሡትን አንድ ነጥብ ልጨምር። አማርኛ የሚጽፍ ሰው ሞጁል ሲያሸጋግር ሊያደርገው የሚችለው፣ ከላቲን ፊደል ውጪ ተጠቅሞ የማያውቅ ኃላፊ ግን የማያስበው ፍተሻ አለ። አንድ የግዕዝ ፊደል ዩቲኤፍ 8 በተባለው የኮምፒውተር የፊደል ኮድ ሦስት ባይት ይይዛል። አሮጌ ሞጁሎች ደግሞ የጽሑፍን ርዝመት ባይት በሚቆጥረው የፒኤችፒ «ስትርሌን» የመለካት፣ ጽሑፍንም በ«ሰብስትር» የመቁረጥ ልማድ አላቸው። «ሰላም» የሚለው ቃል ሦስት ፊደል ሆኖ ሳለ እንዲህ ያለው ሞጁል ዘጠኝ ይለዋል፤ ስለዚህ ርዕስ ከስልሳ ፊደል አይበልጥ የሚል ገደብ ያለው ሞጁል ለእኛ በሃያው ላይ ያቆመናል። ሲቆርጥም ከፊደሉ መካከል ሊቆርጥ ስለሚችል በገጹ ላይ የጥያቄ ምልክት ያለበት ባለ ጥቁር ማዕዘን ይታያል። ዜና ማውጫ ላይ የምናየው የአጭር መግለጫ መበላሸት ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ይህ ነው።

መፍትሔው ቀላል ነው፤ ባክድሮፕ «ባክድሮፕ_ሰብስትር» እና «ትራንኬት_ዩቲኤፍ8» የተባሉ ፈንክሽኖች አሉት፤ ፊደል እንጂ ባይት አይቆጥሩም። ይህን ማስተካከያ ከማሸጋገሩ ኮሚት ለይተው በራሱ ኮሚት ያስቀምጡት፤ የሞጁሉ የድሩፓል ወገን አሁንም የሚንቀሳቀስ ከሆነ ለእነርሱም መላክ እንዲቻል ነው። ወጣኒ፣ የትምህርት ቤቱ ጣቢያ በአማርኛ ከሆነ ጥሩ የመፈተኛ ጽሑፍ በእጅዎ አለ።

ወጣኒ፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ባሮ ያነሡትን የድሩፓል 11 ግምገማ ለሌላ ጊዜ ይዤዋለሁ፤ ለአሁኑ ግን የትምህርት ቤቱን ሥራ ማስጨረስ ስላለብኝ በባክድሮፕ እቀጥላለሁ። የመረጥኩት በማስታወቂያ ብሎክ (በገጹ ላይ በሚቀመጥ ሣጥን) ላይ የማብቂያ ቀን የሚያስቀምጥ ትንሽ ሞጁል ነው፤ በዋናው ሶፍትዌር ውስጥም ሆነ በኮንትሪቡ ቡድን ሥር አላገኘሁትም፤ ለቀድሞው ኃላፊም ኢሹ ከፍቻለሁ። ኮደር አፕግሬድ ያወጣውን ውጤት አንብቤ ኢንፎ ፋይሉንና የስም ለውጦቹን ተረድቻቸዋለሁ። አዋሽ የገለጹት የ«ሰብስትር» ጥሪም በውስጡ ተገኝቷል።

ግልጽ ያልሆነልኝ ነገር ማሻሻያው ነው። ሞጁሉ የራሱ ሠንጠረዥ አለው፤ ቅንብሮቹ ደግሞ በቫሪያብል ሠንጠረዥ ውስጥ ናቸው፤ በኢንስቶል ፋይሉ ውስጥም በ7000 የሚጀምሩ በርካታ የማሻሻያ ፈንክሽኖች አሉ። እነዚህን ልሰርዛቸው ወይስ ልተዋቸው? ብሰርዛቸው የነባሩ ጣቢያ ቅንብር አይጠፋም ወይ?

ዋርካ፦

ከማሸጋገር ሥራ ሁሉ ከባዱን ክፍል ነው የጠየቁት፤ ብዙ የተሸጋገሩ ሞጁሎች በአዲስ ጣቢያ ላይ በደንብ እየሠሩ በነባር ጣቢያ ላይ የሚሰናከሉት እዚህ ላይ ስለሆነ ዘርዘር አድርጌ እመልሳለሁ።

በ7000 የሚጀምሩትን ፈንክሽኖች ይሰርዟቸው። በምትካቸው «ሁክ_አፕዴት_ላስት_ሪሙቭድ» ይጻፉና የመጨረሻውን የተሰረዘ ቁጥር፣ ለምሳሌ 7003ን፣ እንዲመልስ ያድርጉ። ባክድሮፕ ይህን ሲያይ ጣቢያው በድሩፓል 7 ሳለ እስከዚያ ቁጥር ድረስ መሻሻል እንደነበረበት ይረዳል፤ ያልተሻሻለ ከሆነም ይከለክላል። ስለዚህ ለተጠቃሚዎች በማብራሪያ ፋይሉ ላይ «ከመዛወራችሁ በፊት የድሩፓል 7ን ሞጁል ወደ መጨረሻው እትም አድርሱ» ብለው ይጻፉላቸው።

የባክድሮፕ ማሻሻያዎች ከ1000 ይጀምራሉ። በ1000ኛው ፈንክሽን ውስጥ አሮጌዎቹን ቅንብሮች በ«አፕዴት_ቫሪያብል_ጌት» ያነቧቸዋል፤ በአዲሱ ኮንፊግ ውስጥ አስገብተው ያስቀምጧቸዋል፤ በመጨረሻም በ«አፕዴት_ቫሪያብል_ዴል» ከቫሪያብል ሠንጠረዡ ያስወግዷቸዋል። ተራውን «ቫሪያብል_ጌት» አይጠቀሙ፤ ለማሻሻያ ተብለው የተዘጋጁት «አፕዴት» ብለው የሚጀምሩት ሁለቱ ፈንክሽኖች ናቸው። ለእያንዳንዱ ቅንብር የሚሰጡት ነባሪ ዋጋ በሞጁሉ የኮንፊግ ፎልደር ውስጥ ካለው የጄሶን ፋይል ጋር አንድ መሆን አለበት፤ አለበለዚያ አዲስ የጫነው ሰውና ከድሩፓል የተሻገረው ሰው ሳያውቁት የተለያየ ሞጁል ይኖራቸዋል። የቅንብር ፎርሙንም አይርሱ፤ «ሲስተም_ሴቲንግስ_ፎርም» እንዳለ ይቆያል፤ ነገር ግን የትኛው ኮንፊግ ፋይል ላይ እንደሚያስቀምጥ በፎርሙ ውስጥ መጻፍ አለበት። ሠንጠረዡን በሚመለከት ቅርጹ ካልተለወጠ ምንም ማድረግ አይጠበቅብዎትም፤ ዳታው በነበረበት ይቆያል።

ሞጁልዎ ብሎክን ስለሚነካ ሌላም ተጨማሪ ሥራ አለብዎት። በባክድሮፕ ብሎኮች በሌይአውት (በገጹ አቀማመጥ) ውስጥ ነው የሚቀመጡት፤ የእያንዳንዱ ብሎክ ቅንብርም ከዚያው ከሌይአውቱ ጋር ይሄዳል። የድሩፓል 7ን የብሎክ ሠንጠረዥ በቀጥታ የሚጠይቅ ኮድ ካለ እንደገና መጻፍ ይኖርብዎታል፤ ኮደር አፕግሬድ ይህን አያስተካክልልዎትም። የማብቂያውን ቀን በራሱ ሠንጠረዥ የያዘው ሞጁል ብሎኩን በምን እንደሚለይ አስቀድመው ይመልከቱ፤ በድሩፓል 7 የብሎክ ቁጥር ከሆነ ያን ቁጥር በባክድሮፕ ካለው ብሎክ ጋር የሚያያይዝ ነገር መጻፍ ይኖርብዎታል። ከሁሉም ብዙ ጊዜ የሚወስድብዎ ይህ ክፍል ሊሆን ይችላል።

ፍተሻውን በሁለት መንገድ ያካሂዱ፦ በባዶ የባክድሮፕ ጣቢያ ላይ እንደ አዲስ ሲጫን፣ ደግሞም በትምህርት ቤቱ ዳታቤዝ ቅጂ ላይ የማሻሻያው ስክሪፕት ሲሠራ። ቅጂውን ወደ ሌላ ሰው ከመላክዎ በፊት የተማሪና የወላጅ መረጃ ያለበትን ሠንጠረዥ ያጽዱ። ሁለቱም መንገዶች ካለፉ የልቀቱን ስያሜ በባክድሮፕ ወግ ይስጡት፤ ለመጀመሪያው 1.x-1.0.0 ይሆናል። በኢንፎ ፋይሉ ውስጥ የእትም ቁጥር በእጅ አይጻፉ፤ በጊትሃብ ላይ ልቀቱን ሲያወጡ የባክድሮፕ ማሸጊያ ስክሪፕት ራሱ ይጨምረዋል። ገና እርግጠኛ ካልሆኑ በቅድመ ልቀት መልክ አውጥተው ጥቂት ሰዎች እንዲሞክሩት ማድረግ ይችላሉ።

ማኅደሩን በግል አካውንትዎ ላይ ሲያስቀምጡ አድራሻውን እዚህ ይጻፉልን። እኔ ዘንድ ብዙ ብሎኮች ያሉበት የድሩፓል 7 ጣቢያ ቅጂ ስላለ 1000ኛውን ማሻሻያ በእርሱ ላይ አስኪጄ ያገኘሁትን በኢሹዎ ላይ እጽፍልዎታለሁ።